ደሙ የበሬው ነው

ለሦስት ዓመት ያህል በየዓመቱ የራሴን ሰገራ በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ከእንጅባራ ዳንግላ ተመላልሻለሁ። እንዲህ ብዬ ስጀምር ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እገለብጥ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ መጀመሪያ የለውም።

ዕቃው ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። በፌስታል እጠቀልለዋለሁ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል እጠቀልላለሁ፣ ከዚያ በተማሪዎች የፈተና ወረቀት መካከል ሸጉጬ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቦርሳዬን እንዲያ አቅፌው ብታይ «ማር ነው?» አለችኝ። «የተማሪ ውጤት ነው» አልኳት። ዳንግላ ስደርስ ደግሞ ጋሪ እይዛለሁ፤ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር እኔ ክዳኑን አስባለሁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለሐፍረት ነበር። እንጅባራ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ያስተማርኩት ሰው የማይሠራበት ክሊኒክ የለም። ሰፈሬ ያለው ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ጎልማሳ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ በእኔ ትምህርት ወድቆ ክፍል የደገመ ነው። ለእሱ ያንን ዕቃ በመስኮት አቀብዬ ዓይኑን እንዴት አየዋለሁ? ዳንግላ ማንም አያውቀኝም ብዬ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን ከመስኮቱ ወዲያ ነጭ ጋዎን የለበሰች ሴት ብድግ ብላ «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችና ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች። ከዚያ ወዲያ መንከራተቱን ትቼ ለዚያው ላስደገምኩት ሰው መስጠት ጀመርኩ። እሱም አንድም ቀን ፊቱን አጨማድዶብኝ አያውቅም። እኔ ያኔ የፈተና ወረቀቱን ስመልስለት እንዲህ አልነበርኩም።

የምመረመረው ያለ ምክንያት አይደለም። አባታችን የሞተው በትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ከሰገራው ጋር ደም ማየት ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር፤ ለእናታችን እንኳ ትንፍሽ አላለም። እኛ የነቃነው ሱሪው ሲሰፋበት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አልፎ ነበር። ሐኪሙ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ወደ ጎን ወስዶ በሽታው በዘር ሊሄድ ስለሚችል ሳያመን እንድንመረመር መከረን። መንገዱ ሁለት ነው አለ። አንደኛው ሰገራን በየዓመቱ እያስመረመሩ በዓይን የማይታይ ደም እንዳለበት ማየት፤ ሁለተኛው ኮሎኖስኮፒ የሚባለው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ከታች አስገብቶ ትልቁን አንጀት ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት። «ለእናንተ ሁለተኛው ይሻላል» ብሎም ነበር። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት እንዳልሰማሁ ሆኜ ኖርኩ። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ወንድሜ ሁለቱንም ተወ።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ድንች ያመርታል፤ ፈረሱን ግን ከድንቹ አስበልጦ ይወዳል። ስድሳ ዓመት ሞልቶት እንኳ በጥር ጊዮርጊስ ከጎረምሶች ጋር ይጋልባል። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጅ ድሬያለሁ፤ ለእሱ ግን አሁንም «አንቺ ልጅ» ነኝ። የምርመራ ነገር ባነሳሁ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው እዚያ አካባቢ ምንም አይነካውም» ይለኛል። ያስቀኛል፤ ስቄ ስጨርስ ደግሞ ያናድደኛል።

በመጨረሻ እጅ ያሰጠው የእኔ ንዝንዝ አይደለም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሚስቱ ሽሮ እያቀረበችለት፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀይር፣ «አማቴን አስታምሜ ቀብሬያለሁ። አንተን አልደግምም» አለችው። እኔ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ሽሮውን ዝም ብሎ በላና በማግስቱ ከእኔ ጋር ክሊኒክ ሄደ።

የላብራቶሪው ሰው ዕቃውን ሰጠውና አንድ ነገር አስጠነቀቀው። «አባቴ፣ ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ቀን ቀይ ሥጋ እንዳይበሉ። እኛ ጋ ያለው ምርመራ የሰውን ደም ከከብት ደም አይለይም። ደግነቱ አሁን ጾም ነው፤ በዚህ ሳምንት ካመጡልኝ በጣም ጥሩ ነው።» ጾሙ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ወንድሜ ሥጋ ከቀመሰ ከአርባ ቀን በላይ ሆኖታል። እንዲህ የተመቸ ጊዜ ሐኪም ራሱ ቢያዝ አያገኝም።

ወንድሜ ግን ዕቃውን ይዞ ቤቱ ገባና ሁለት ሦስት ቀን «ነገ፣ ነገ» ሲል ሰሙነ ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰው ይሰግዳል፣ ያዝናል፤ ሰገራውን በፕላስቲክ አሽጎ ወደ ከተማ አይልክም። «ለበዓሉ ክብር ብዬ ነው ያሳደርኩት» ነው ያለኝ በኋላ። ዕቃውን ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ ሰቅሎ ስግደቱን ሰገደ። ፋሲካ ሆነ። እነ ወንድሜ ስምንት ሆነው ቀይ በሬ ቅርጫ ገብተው ነበር። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ሐሙስ ጠዋት ቃሉ ትዝ አለውና፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፣ ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረደ።

ዓርብ ዕለት አብረን ውጤት ልንሰማ ሄድን። የላብራቶሪው ሰው ወረቀቱን አየት አድርጎ «ደም አለበት» አለ።

«የማን?» አለ ወንድሜ።

ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

«የበሬው ነው እንጂ» አለ ወንድሜ ተረጋግቶ። «ከእሑድ ጀምሮ ምን እንደበላሁ ታውቃለህ? ጥሬ ሥጋ፣ ዱለት፣ ጥብስ፣ ደግሞ ጥሬ ሥጋ። ደም ባይኖርበት ነበር የሚገርመኝ።»

የላብራቶሪው ሰው ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ «ሊሆን ይችላል አባቴ። ላይሆንም ይችላል» አለው። «በእናንተ ቤተሰብ ግን፣ እኔ ብሆን ጊዜ ሳላጠፋ ባሕር ዳር ሄጄ ኮሎኖስኮፒ አደርግ ነበር።» ወንድሜ አመስግኖት ወጣ። እኔ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ሳቁ ለቀቀኝና የአባታችን ሱሪ ትዝ አለኝ።

የዚያ በሬ ዝና በሳምንት ውስጥ ዘንገናን ዞረ። ወንድሜ ነገሩን ሊደብቅ አልሞከረም፤ እንዲያውም ሐፍረቱን ሁሉ በሬው ላይ ጫነና እፎይ አለ። የቅርጫ ጓደኞቹ ተሰብስበው መሰከሩለት፤ ደሙ ብዙ የሆነ በሬ እንደነበር፣ ሲታረድ እንደታየ። እኔ ሦስት ቀን ብቻ ሥጋ ትቶ እንደገና ይመርመር ስል «የሰኔ ጾም ይድረስና» አለኝ። የሰኔ ጾም ከፋሲካ ሃምሳ ቀን በኋላ ነው። «እስከዚያ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሦስት ቀን ሥጋ የምተወው ምን በድዬ ነው?»

ይህን በአስተማሪ ክርክር አልረታውም። ወደ ነፍስ አባቱ ሄድኩ። ቅዳሴ ወጥተው አጥሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገሩን በጨዋ ቃል እየሸፋፈንኩ አስረዳኋቸው። ስለምን እንደማወራ ሲገባቸው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ሐኪም ተው ያለውን መተው ጾም አይባልም» አሉኝ። «ሽሮ በፋሲካም ሽሮ ነው። ሦስት ቀን ሽሮ ይብላ በይው፤ እኔ ነኝ ያልኩት።»

በላ። ዕቃውን ሰጠ። በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ፈረስ ሲያሽካካ ሰማሁና ብወጣ ወንድሜ ኮርቻው ላይ ሆኖ ወረቀት ያውለበልባል። ደም የለበትም። ጠባቂውም፣ ሁለት የኬሚስትሪ አስተማሪዎችም እያዩ «የበሬው ነው አላልኩሽም?» ብሎኝ ፈረሱን አዞረ። ደስታው ወደ እኔም ተጋባ፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ በክሊኒኩ በኩል አለፍኩ። የላብራቶሪው ሰው ጎንበስ ብሎ በመስኮት አነጋገረኝ።

«ቲቸር፣ አንጀት ውስጥ የሚበቅል ነገር ካለ ሁልጊዜ አይደማም። አንድ ቀን ይደማል፣ አንድ ቀን ይተዋል። የዛሬው ወረቀት የመጀመሪያውን አይሰርዘውም።» ከዚያ ትንሽ አመንትቶ «ያኔ ሲያስደግሙኝ፣ አንድ ፈተና ማለፍ የወደቁትን አይሰርዝም እንዳሉኝ ማለት ነው» አለ። ይህንን ለሃያ ዓመት ይዞት እንደኖረ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ድንች ማከማቻው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ዘር ድንች ይመርጣል። አጠገቡ ተቀመጥኩና እኔም መምረጥ ጀመርኩ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ትናንት ይህ ክምር ሸተተህ እንበል። ዛሬ ነፋስ ገባና አልሸተተህም። ምን ታደርጋለህ?»

«አገላብጠዋለሁ።» ሳያስብ ነው የመለሰው። ከዚያ የያዘውን ድንች መልሶ አስቀመጠው።

«የሰገራው ምርመራ ማሽተት ነው» አልኩት። «ደግ ነው፣ አያስቸግርም፣ ቤትህ ሆነህ ታደርገዋለህ። ከሸተተ ግን ማገላበጥ ነው። ሲያገላብጡ የተበላሸ ካገኙ እዚያው ያወጡታል።»

ሁለት ሦስት ድንች መረጠ። እኔ በልቤ ረታሁ እያልኩ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺስ? ክምርሽን አገላብጠሽ ታውቂያለሽ? ወይስ ዳንግላ እየተመላለስሽ ስታሸትቺ ነው የኖርሽው?»

ሚስቱ ከጓዳ ስትስቅ ተሰማኝ። እውነቱን ለመናገር ሐፍረት ብቻ አልነበረም፤ ፈርቼ ነበር። ቢያገኙብኝስ ብዬ ነው ለዓመታት ቀላሉን የመረጥኩት። ለወንድሜ የምሰብከው ለራሴ የማላደርገውን ነበር።

«አንቺ ካደረግሽ አደርጋለሁ» አለኝ። «አንቺ ቀድመሽ።»

እንደማላደርገው እርግጠኛ ነበር። በንዴት ነው እሺ ያልኩት፤ ንዴት አንዳንዴ ይጠቅማል።

የባሕር ዳሯ ሐኪም ወጣት ሴት ነች፤ ደግነቱ እኔ አላስተማርኳትም። ሁለታችንን ፊት ለፊት አስቀምጣ ምንም ሳትሸፋፍን ነገረችን። ሰገራ መመርመር ጥሩ ነው፣ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ግን በየዓመቱ መደጋገም አለበት፣ የሚያመልጠውም አለ፣ ደም ከተገኘ መጨረሻው እሷ ዘንድ መምጣት ነው። የእሷ አንድ ቀን ሙሉ ሆድን ማጠብ አለበት፣ ማደንዘዣ አለበት፣ አልፎ አልፎ አንጀትን ሊጎዳ ስለሚችል ፊርማ ይፈልጋል፤ ግን በዓይኗ ታያለች፣ ያገኘችውን እዚያው ትቆርጣለች፣ ንጹሕ የሆነ ሰውም ለዓመታት አይመለስም። ፈረምን። ወንድሜ ፊርማውን ሲጽፍ «ቆሎ መብላት ይቻላል?» ብሎ ጠየቃት። ከሁሉ በፊት የሚከለከለው ቆሎ ነበር።

ሆዳችንን የምናጥብበት ቀን ያረፍንበት ፔንሲዮን ሁለት ክፍላችን አንድ ሽንት ቤት ይጋራል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነበረብኝ፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ዱቄቱን በብዙ ሊትር ውኃ በጥብጠን ከቀትር በኋላ መጠጣት ጀመርን፣ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ጨልጦ «ኮሶ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ይህንን ለቁርስ ይጠጣዋል» አለ። ሦስተኛው ላይ ዝም አለ። አምስተኛው ላይ ሁለታችንም ከወንበራችን እኩል ተነሣን።

እኛ ቤት ታናሽ ከታላቅ ቀድሞ በር አያልፍም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። «ጋሼ፣ ቅደም» አልኩት። «አይ፣ አንቺ ቅደሚ» አለኝ። «ኧረ በእግዚአብሔር ቅደም።» ሁለተኛው ዙር ላይም እንዲሁ ተባባልን፤ ግብዣው ግን አጠር አለ። ከዚያ በኋላ የቀደመ ቀደመ። አመሻሹ ላይ ባለ ፔንሲዮኗ ተጨንቃ መጥታ «ምን በልታችሁ ነው እናንተ?» ስትለን ወንድሜ በሽንት ቤቱ በር ውስጥ ሆኖ «ምንም» አለ። እውነቱን ነው። እንዲያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም፤ መሳቁም ራሱ አደገኛ ነበር።

በማግስቱ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ከኋላው ክፍት የሆነ ልብስ አልብሰው በጎኔ አስተኙኝ፤ መርፌው ክንዴ ላይ ሲገባ ከአንድ ጀምሬ እቆጥራለሁ ብዬ አራት ላይ የደረስኩ ይመስለኛል። ስነቃ ነርሷን «መቼ ነው የሚጀመረው?» አልኳት። አልቆ ነበር። ንጹሕ ነኝ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደስታም ድንጋጤም በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ አየሁ፤ ሰበብ አልቆበታል። ሻርፑን አውልቆ ሰጠኝና ገባ።

የእሱ ከእኔ ረዘመ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሻርፑን ስጠቀልል ስፈታ ቆየሁ፤ በዚያ ሰዓት ላይ ቀልድ አልነበረኝም። ሐኪሟ ስትወጣ ሁለት ፖሊፕ ማግኘቷን ነገረችኝ፤ ከአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ሥጋ ነው፣ አንዱ የባቄላ ያህል፣ ሌላው ትንሽ። ሁለቱንም በሽቦ ቆርጣ አውጥታ ለምርመራ ልካለች። ውጤቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥተን እንድንሰማ ቀጠረችን። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ወንድሜም ሚስቱም እኔም ስለ በሬ አላወራንም።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ «ትልቁ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ካንሰር ግን አልሆነም፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» አለች። «ጥቂት ዓመት ቢቆይ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።» ወንድሜ ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ጨበጣት። እኔ አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም። በየጊዜው እየተመለሰ እንዲታይ ነገረችው፤ ልጆቹም እንዲመረመሩ።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ወንድሜ እስከ ዳንግላ ተሳፋሪውን ሁሉ ሲያስቅ መጣ። ዳንግላን እንዳለፍን ቀልዱን ተወ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአገውኛ «የበሬው አልነበረም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ሐኪሟ ነገረችን እኮ።»

«እኔ አስቀድሜ አውቅ ነበር ነው የምልሽ። ከጥቅምት ጀምሮ በዓይኔ አየው ነበር።»

ከጥቅምት እስከ ሰኔ ቆጠርኩ። ስምንት ወር። በዚያ ሁሉ ክርክር፣ በነፍስ አባቱ፣ በሽሮው፣ በወረቀቱ ማውለብለብ፣ በእያንዳንዱ ቀን ያውቅ ነበር። በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ስለ በሬው ስንጨቃጨቅ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ስትስቂ እውነት ይመስለኝ ነበር።»

«ለሚስትህስ? ለአንድ ሰው እንኳ?»

መስኮቱን እያየ «አባታችን ለማን ነገረ?» አለኝ።

ክንዱን ያዝኩት። ጥቂት እንደሄድን ስልኩን አወጣና ጫግኒ ለሚኖረው የበኩር ልጁ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ልጁ አልሰማም። ወንድሜ ደግሞ ደጋግሞ ደወለ፣ በመጨረሻ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ በአማርኛ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየዞረ እያየው ጮኾ ተናገረ።

«ስማ ልጄ፣ አንተም ትመረመራለህ። ከሰገራዬ ጋር ደም አይ ነበር። ሰማኸኝ? የበሬው አይደለም። የራሴ ደም ነው።»